ሻራኩና የኤዶ ኦናጋታዎች፦ ከነጩ ቅብ በታች የታየው ፊት

በጃፓን የካቡኪ ቲያትር የሴት ገጸ ባሕርይ ይዞ የሚጫወት ወንድ ተዋናይ ኦናጋታ ይባላል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንሥቶ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ፣ በኤዶ (በዛሬዋ ቶኪዮ)፣ በኪዮቶና በኦሳካ ታላላቅ መድረኮች ላይ የታዩት እናቶች፣ ሚስቶች፣ ልዕልቶችና ሴተኛ አዳሪዎች ወንዶች ነበሩ። መልካቸው ለዛሬ የደረሰው ኡኪዮ-ኤ በሚባሉት፣ በእንጨት ገበታ ላይ ተቀርጸው በወረቀት ላይ በሚታተሙት ሥዕሎች ነው። አብዛኞቹ ሠዓሊዎች ኦናጋታውን የሣሉት ተመልካቹ ሊያየው እንደሚፈልገው፣ ማለትም ፍጹም ሴት አድርገው ነበር። በ1794 ድንገት ብቅ ያለው ቶሹሳይ ሻራኩ ግን ሴቲቱንም ወንዱንም በአንድ ፊት ላይ አሳየ። ሥራው አሥር ወር ያህል ብቻ ቆየ። ማን እንደነበረ የሚደረገው ክርክር ግን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም አልበረደም። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የካቡኪ አጀማመር ራሱ ከልብስ መለዋወጥ ጋር የተያያዘ ነው። በ1603 ኪዮቶ ውስጥ አዲሱን ጭፈራ ያስተዋወቀችው ኢዙሞ ኖ ኦኩኒ የተባለች ሴት ነበረች። ሕዝቡን ከሁሉ በላይ የማረከውም የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ሰይፍ ታጥቃ፣ ወደ መዝናኛ ቤት ጎራ የሚል ጎረምሳ መስላ መጫወቷ ነው። እሷን ተከትለው የሴቶች ቡድኖች በየከተማው በዙ። ብዙዎቹ ከሴተኛ አዳሪነት ንግድ ጋር የተሳሰሩ ነበሩ፤ በእነሱ ምክንያትም በተመልካቹ መካከል ጠብ ይነሣ ነበር። ስለዚህ የቶኩጋዋ መንግሥት በ1629 ሴቶች መድረክ ላይ እንዳይወጡ ከለከለ። ቦታቸውን ዋካሹ የሚባሉት ለጋ ወጣቶች ያዙት። ጠቡም ንግዱም አብሯቸው ቀጠለና በ1652 እነሱም ታገዱ። ቲያትሩ ተመልሶ እንዲከፈት የተፈቀደው ተዋናዮቹ የግንባራቸውን ቁንጮ እንዲላጩ ተደርጎ ነው።

የቁንጮው ነገር ቀላል አልነበረም። በዚያ ዘመን የአንድ ወንድ ዕድሜና ማዕረግ የሚታወቀው በፀጉሩ ነበር። ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ግንባሩ በሥርዓት ይላጫል፤ ቁንጮው ሲሄድ ለጋነቱም አብሮ ይሄዳል። ባለሥልጣናቱ ተዋናዮቹን ውበታቸውን እንገፍፋቸዋለን ብለው ያሰቡት በዚህ መንገድ ነው። ተዋናዮቹ ግን በተላጨው ቦታ ላይ ሐምራዊ ጨርቅ ጣል አደረጉበት፤ ጨርቁም ብዙ ሳይቆይ የኦናጋታ መለያ ጌጥ ሆነ። በሥዕሉ ላይ ከግንባሩ በላይ ያቺ ሐምራዊ ቁራጭ ከታየች፣ የተሣለው ሴት የሚጫወት ወንድ መሆኑን የኤዶ ሰው ወዲያው ያውቃል። ለመደበቅ የተበጀችው ጨርቅ የተደበቀውን የምትናገር ምልክት ሆና ቀረች። ዛሬም የሙዚየም ባለሙያዎች ኦናጋታን ከሌሎች ቆነጃጅት ሥዕሎች ለመለየት መጀመሪያ የሚያዩት እሷን ነው።

ኡኪዮ-ኤ የተስፋፋው በዚሁ ዘመን ነው። በ1694 የሞተው ሂሺካዋ ሞሮኖቡ የጥቁር ቀለም ኅትመትን አስለመደ፤ የቶሪ ቤተሰብ ሠዓሊዎች የቲያትሩን ሥዕል ያዙ፤ በ1765 ደግሞ ሱዙኪ ሃሩኖቡ ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ገበታ የሚቀረጽበትን ባለ ብዙ ቀለም ኅትመት አስጀመረ። ሠዓሊው ይነድፋል፣ ቀራጩ በቼሪ እንጨት ላይ ያወጣዋል፣ አታሚው ቀለሙን እየደራረበ ያትማል፣ አሳታሚው ገንዘቡን ያወጣና ይሸጣል። ዋጋው ለተራው ከተሜ የሚቀመስ ስለነበር ሥዕሉ የገበያውን ፍላጎት መከተል ግድ ነበረበት። ይህ ነጥብ ከታች ለሚነገረው የሻራኩ ዕጣ ወሳኝ ነው።

ሃሩኖቡ የሣላቸውን ፍቅረኞች ያየ ሰው ወንዱን ከሴቷ ለመለየት መቸገሩ አይቀርም። ሁለቱም ቀጫጭን፣ ትናንሽ እጅ ያላቸው፣ ፊታቸው አንድ ዓይነት ነው። ረጅም እጅጌ ያለውን ኪሞኖ ያላገቡ ልጃገረዶችም ለጋ ወንዶችም ይለብሱታል። ልዩነቱ የሚገኘው ከቁንጮው በስተኋላ አናቱ ላይ በተላጨች ትንሽ ቦታና በወገብ በተሻጠ ሰይፍ ነው። ወንድነትና ሴትነት በሥዕሉ ላይ በአካል ቅርጽ ሳይሆን በፀጉር አሠራር፣ በእጅጌ ርዝመትና በመቀነት አስተሳሰር ይጻፍ ነበር ማለት ይቻላል። ነገሩም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ አልነበረም። በኤዶ የታወቀው የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር በዮሺዋራ፣ ኒዋካ በሚባለው በዓል ሴት ጌይሻዎች ፀጉራቸውን እንደ ወንድ ሠርተው፣ የወንድ ልብስ ለብሰው ሰልፍ ይወጡ ነበር፤ ሠዓሊው ኪታጋዋ ኡታማሮም ሥሏቸዋል። በፉካጋዋ ሰፈር የነበሩት ጌይሻዎች ደግሞ የወንዶችን ካፖርት መልበስና በወንድ ስም መጠራት ልማዳቸው ነበር።

ስለ ዋካሹ ሲነሣ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ደራሲው ኢሃራ ሳይካኩ በ1687 ባሳተመው ስለ ወንዶች ፍቅር በሚተርክ ትልቅ መጽሐፉ እንደሚታየው፣ ሳሙራዮችና መነኮሳት ከለጋ ወንዶች ጋር የነበራቸው ግንኙነት በዘመኑ የታወቀ ነበር፤ ሕጉም በጥቅሉ አያስጠይቅበትም ነበር። ሥዕሎቹ ይህን ሕይወት በአበባና በጨረቃ አጊጠው ያሳዩታል። ከጌጡ በስተጀርባ ግን በድህነት ምክንያት በውል የተሰጡ ልጆች ነበሩ፤ በዮሺዋራም በልጅነታቸው የተሸጡ ሴቶች ነበሩ። የዘመናችን ተመራማሪዎች ዋካሹን ሦስተኛ ጾታ እስከ ማለት ደርሰዋል፤ በ2016 በቶሮንቶ የሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም የተከፈተው ዐውደ ርእይም ይህንኑ ስም ይዞ ነበር። ዋካሹነት ግን ማንኛውም ወንድ ልጅ የሚያልፍበት የዕድሜ እርከን ነበርና፣ ስያሜው ከሚያስረዳው ይልቅ የሚሸፍነው ይበልጣል። ግልጽ ወሲብ የሚያሳዩት ሹንጋ የሚባሉ ሥዕሎችም በ1722 በወጣው አዋጅ ተከልክለው በጓሮ በር መታተማቸውን ቀጠሉ፤ የሠዓሊው ስም ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ የሚወጡትም በዚህ የተነሣ ነው።

ኦናጋታው ግን በዕድሜ የሚታለፍ እርከን አልነበረም፤ የዕድሜ ልክ ሙያ ነበር። በ1729 የሞተው ዮሺዛዋ አያሜ 1ኛ ለተከታዮቹ ትቶት በሄደው ምክር፣ ኦናጋታ ከመድረክ ውጭም እንደ ሴት መኖር እንዳለበት፣ ሲበላና ሲያወራም ሴትነቱን እንዳይረሳ ያስተምራል። ዕለት ዕለት ያልኖሩት ነገር መድረክ ላይ ሲታይ ውሸት ይሆናል የሚል እምነት ነበረው። የኤዶ ሴቶችም ወደ ቲያትር ቤት የሚሄዱት ሴት መሆንን ለማየት ጭምር ነበር። በ1773 የሞተው ሴጋዋ ኪኩኖጆ 2ኛ የወደደው ቡናማ ቀለም በስሙ ተጠርቶ በከተማው ሴቶች ሁሉ ተለበሰ። የወጣት ወንዶችንና የሴቶችን ክፍል ይጫወት የነበረው ሳኖጋዋ ኢቺማጹ 1ኛ መድረክ ላይ የለበሰው ዳማ መሰል ጥለትም እስከ ዛሬ በጃፓን የሚጠራው በእሱ ስም ነው። የ2020 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ዓርማ የተሠራው በዚሁ ጥለት መነሻነት ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን ሴቶች ሴትነትን ከወንዶች ይማሩ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሥዕሎቹም በዚህ ትምህርት ውስጥ የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው፤ ወደ ቲያትር ቤት መግባት ያልቻለች ሴት ፋሽኑን የምታየው በኅትመቱ ላይ ነው።

የሻራኩ ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ አሳታሚ ኪሳራ ነው። ጹታያ ጁዛቡሮ በኤዶ አሳታሚዎች መካከል እንደ እሱ ደፋር አልነበረም፤ ኡታማሮን ለክብር ያበቃውም እሱ ነው። ማጹዳይራ ሳዳኖቡ የተባለው ዋና ሹም ከ1787 ጀምሮ ቅንጦትንና ልቅነትን ለመግታት ጥብቅ ሥርዓት ሲዘረጋ፣ ከ1790 በኋላ እያንዳንዱ ሥዕል የሳንሱር ማኅተም እንዲያርፍበት ተደረገ። በ1791 ጹታያ ስለ ሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር የተጻፉ መጻሕፍትን በማሳተሙ የሀብቱ ግማሽ ተወረሰ፤ ደራሲው ሳንቶ ኪዮደን እጁ በሰንሰለት ታስሮ 50 ቀን ተቀጣ። የቲያትር ቤቶቹም ሁኔታ የባሰ ነበር። ሦስቱ ታላላቅ የኤዶ ቲያትር ቤቶች በዕዳ ተዘግተው፣ በምትካቸው ሚያኮ-ዛ፣ ኪሪ-ዛና ካዋራዛኪ-ዛ የሚባሉ ተተኪ ቤቶች ይሠሩ ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል፣ በ1794 አምስተኛ ወር፣ ጹታያ ስሙ ተሰምቶ የማይታወቅ ሠዓሊ የሠራቸውን 28 ትላልቅ የተዋናዮች ሥዕሎች በአንድ ጊዜ አወጣ። ሁሉም ከደረት በላይ የተሣሉ ናቸው፤ መደባቸው በሚካ ማዕድን ዱቄት ተለብጦ እንደ ጥቁር ብር ያብረቀርቃል። ለጀማሪ እንዲህ ያለ ወጪ የወጣበት ሌላ ጊዜ አይታወቅም። በዓለም ዙሪያ የታወቀው የኦታኒ ኦኒጂ 3ኛ ሥዕል፣ ሁለት እጁን ከደረቱ ሥር ዘርግቶ የሚያፈጠው ሽፍታ፣ ከእነዚሁ አንዱ ነው። ይሁን እንጂ የሻራኩ እውነተኛ ድፍረት ያለው በሽፍቶቹ ሥዕል ላይ ሳይሆን በኦናጋታዎቹ ላይ ነው።

በሚያኮ-ዛ ይታይ በነበረው የበቀል ድራማ ሴጋዋ ኪኩኖጆ 3ኛ ኦሺዙ የተባለችውን ሚስት ይጫወት ነበር። በዘመኑ ከነበሩት ኦናጋታዎች እጅግ የተከበረ፣ ዕድሜው ግን ከአርባ ያለፈ ሰው ነው። ሻራኩ የፀጉር አሠራሩን፣ የኪሞኖውን ጥለት፣ የሕመምተኛዋን ሐምራዊ የግንባር ማሰሪያ አንድም ሳያጓድል አስቀምጧል። ከዚያ በታች ያለው ፊት ግን ረጅም፣ አገጩ የከበደ፣ ዓይኖቹ ትናንሽ የሆኑ ሰው ፊት ነው። ሥዕሉን ያየ ሰው በአንድ ዓይኑ የምታሳዝን ሚስት፣ በሌላው ዓይኑ ሙያውን የሚያውቅ ጎልማሳ ወንድ ያያል። ኢዋይ ሃንሺሮ 4ኛ በካዋራዛኪ-ዛ ሺጌኖይ የተባለችውን ሞግዚት ሆኗል፤ ሺጌኖይ የራሷን ልጅ አግኝታ ልጄ ነህ ማለት የተከለከለች እናት ናት። የሃንሺሮ ክብ ፊት በከተማው የታወቀ ነበር፤ ሻራኩም ክብነቱን አልቀነሰለትም። ያ ወፍራም የወንድ ጉንጭ ግን የእናትየውን ሐዘን አላበላሸውም፤ እንዲያውም የሚታይ፣ የሚዳሰስ አደረገው። ከሁሉም ሥዕሎቹ የሚበልጠው ይህ ነው።

ሴጋዋ ቶሚሳቡሮ 2ኛ ላይ ሲደርስ ሻራኩ ምሕረት የለውም። ተዋናዩ በጠንካራ ገጽታው ምክንያት ተመልካቹ ራሱ ‹‹ክፉዋ ቶሚ›› የሚል ዓይነት ቅጽል ያወጣለት ሰው ነበር። በያዶሪጊ፣ በአንድ ሳሙራይ ሚስት ክፍል የተሣለው ፊቱ ስለታም ነው፤ አፍንጫው ረጅም፣ መንጋጋው ጠንካራ፣ እይታው ቀዝቃዛ። በሌላ ሥዕል ደግሞ ቶሚሳቡሮ ከናካሙራ ማንሴይ ጋር ሆኖ ይታያል። ማንሴይ ገረዲቱን ይጫወታል፤ ፊቱ ሙሉና ወፍራም ነው። ሁለት ሴቶች፣ አንዷ እመቤት አንዷ አገልጋይ፤ ሁለት ወንዶች፣ አንዱ ከሲታ አንዱ ድልብ። ሁለቱም ጥንድ በአንድ ወረቀት ላይ አሉ። ከዚህም የባሰው የባንዶ ዘንጂ ሥዕል ነው። ዘንጂ በአብዛኛው የክፉ ወንዶችን ክፍል የሚጫወት ሲሆን እዚህ የሳሙራይ ሚስት ሆኖ ቀርቧል፤ ኃይለኛ ገጽታው ከሴት ልብሱ ጋር ትግል የያዘ ይመስላል።

ሻራኩ ኦናጋታዎችን ጠልቶ አይደለም እንዲህ ያደረገው። ለዚህ ማስረጃው የማጹሞቶ ዮኔሳቡሮ ሥዕል ነው። ዮኔሳቡሮ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ሃያ ገደማ ነበር። በኪሪ-ዛ ሴተኛ አዳሪ መስላ የቀረበችውን፣ የአባቷን ደም የምትመልሰውን ሺኖቡን ይጫወታል፤ ቀጭን የትንባሆ ፒፓ ይዞ፣ አንገቱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ ይታያል። ፊቱ ለስላሳና ለግላጋ ነው። ወጣቱ ቆንጆ ስለነበር ቆንጆ አድርጎ ሣለው፤ ኪኩኖጆ ጎልማሳ ስለነበር ጎልማሳ አድርጎ ሣለው። ሠዓሊው ሐሜት ወይም ፌዝ ቢፈልግ ኖሮ ዮኔሳቡሮንም አይምረውም ነበር።

በዚያው ዓመት ኡታጋዋ ቶዮኩኒ የተባለ የ25 ዓመት ሠዓሊ ለሌላ አሳታሚ የተዋናዮችን ሥዕል ጀመረ። የሣላቸው በአብዛኛው እነዚያኑ ሰዎች ነው። የቶዮኩኒ ኦናጋታዎች ሙሉ ቁመናቸው የሚታይ፣ ፊታቸው የጠራ፣ የተዋናዩን መልክ ጥቂት ብቻ የሚጠቁሙ ናቸው፤ መልክ የማስመሰሉን ጥበብ ካጹካዋ ሹንሾና ኢፒጹሳይ ቡንቾ ከ1770 ገደማ ጀምረው አስለምደውት ነበርና ሕዝቡ ይህን መጠን ለምዷል። አድናቂዎች የገዙት የቶዮኩኒን ነው። የእሱ ቤት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኅትመት ገበያውን ሲቆጣጠር ሻራኩ ተረስቷል።

ከሻራኩ ዘመን ሰዎች መካከል ስለ ውድቀቱ የጻፈው ደራሲው ኦታ ናንፖ ነው። በማስታወሻው እንዳለው፣ ሠዓሊው ተዋናዮቹን እውነት በሆነው መልካቸው ለማውጣት ከልክ በላይ ስለ ሄደ፣ ሊሣል የማይገባውንም ስለ ሣለ፣ ሳይቆይ ሥራው ቆመ። ሊሣል የማይገባው ነገር ምን እንደሆነ ናንፖ አልዘረዘረም። የሽፍቶቹ አስፈሪነት እንዳልሆነ ግን መገመት አያዳግትም፤ ክፉ ሰው ክፉ መምሰሉ ማንንም አያስከፋም። የሚያስከፋው፣ ደንበኛው ቤቱ ወስዶ ግድግዳው ላይ የሚለጥፋት ቆንጆ፣ አገጯ የወንድ መሆኑ ነው። አያሜ ሕይወቱን ሙሉ የገነባውን፣ ሐምራዊው ጨርቅ የሸፈነውን፣ ሻራኩ ገልጦ አሳየ። ሕዝቡ ሴቲቱ ወንድ መሆኗን አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ የከፈለው ግን ለአፍታ እንዲረሳው ነው።

ታዲያ ይህ ሰው ማን ነበር? ሠዓሊዎቹ ሆኩሳይ፣ ኡታማሮና ቶዮኩኒ፣ ደራሲው ኪዮደን፣ ሌላው ቀርቶ አሳታሚው ጹታያ ራሱ ሻራኩ ነው ተብሏል። እነዚህ መላምቶች የተወለዱት በአብዛኛው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ መነሻቸውም ይህን የመሰለ ሥራ ያልታወቀ ሰው ሊሠራው አይችልም የሚል ግምት ነው። የቆዩት ጽሑፎች የሚሉት ሌላ ነው። ደራሲው ሺኪቴይ ሳንባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሻራኩ በኤዶ በሃቾቦሪ ሰፈር ይኖር እንደነበር ጻፈ። በ1844 ደግሞ ሳይቶ ጌሺን ስሙን አወጣው፦ ሳይቶ ጁሮቤ፣ የአዋ ግዛት መስፍን የኖህ ቲያትር ተዋናይ። ጌሺን ተራ ወሬ አቀባይ አልነበረም፤ በካንዳ ሰፈር ሹምነት የሠራ፣ ስለ ኤዶ ከተማ የጻፋቸው መጻሕፍት እስከ ዛሬ የሚታመኑ ሰው ነው።

በዚህ ምስክርነት ላይ የሚነሣው ጥያቄ ጌሺን የጻፈው ነገሩ ከሆነ ግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሌላም ችግር አለ። በ1818 ገደማ የኤዶን ታዋቂ ሰዎች በየሰፈራቸው የመዘገበ ዝርዝር በሃቾቦሪ አንድ ሠዓሊ ሻራኩሳይ በሚል ስም ያስገባል፤ የሟች ምልክትም አድርጎበታል። የዝርዝሩ አዘጋጅ ሴጋዋ ቶሚሳቡሮ 3ኛ ነው፤ ሻራኩ ያለ ምሕረት የሣለውን የኦናጋታ ስም የወረሰ ተዋናይ። እንግዲህ በተዋናዮቹ ዘንድ የሠዓሊው ሰፈር ይታወቅ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን በ1997 በሳይታማ ክፍለ ሀገር በኮሺጋያ ከተማ በሚገኘው የሆኮጂ ቤተ መቅደስ የሙታን መዝገብ ውስጥ የአዋው ሳይቶ ጁሮቤ ስም ሲገኝ፣ የሞተበት ዓመት 1820፣ ዕድሜውም 58 ሆኖ ተጽፏል። ከሁለቱ መዛግብት አንዱ ተሳስቷል። ከከተማው የስም ዝርዝር ይልቅ የቤተ መቅደሱ የሙታን መዝገብ ሊታመን ይገባል፤ በዝርዝሩ ላይ በሕይወት ያለ ሰው ሟች ተብሎ መመዝገቡ፣ በተለይ ከሃያ ዓመት በላይ ያልታየ ሠዓሊ ከሆነ፣ የሚያስደንቅ አይደለም። መዝገቡ ሳይቶ ጁሮቤ የሚባል የአዋ ኖህ ተዋናይ በእርግጥ እንደነበረ አረጋግጧል፤ በ1794 የሠላሳ ሁለት ዓመት ገደማ ሰው ነበር ማለት ነው።

የኖህ ተዋናይ መሆኑ ስለ ሥዕሎቹ ብዙ ያስረዳል። ኖህ ከካቡኪ የቀደመ፣ በዚያ ዘመን በመሳፍንት ደመወዝ ይተዳደር የነበረ ክቡር ቲያትር ነው። ተዋናዩ በመስፍኑ ቤት የሳሙራይ ደረጃ ስለነበረው የካቡኪ መንደር ሲመላለስ መታየት አያስመሰግነውም ነበር፤ ሻራኩ ስሙን የደበቀበት ምክንያት ከዚህ የመነጨ ይመስላል። በኖህም የሴትን ክፍል የሚጫወተው ወንድ ነው። ይሁን እንጂ የሚጫወተው በእንጨት ጭምብል ሲሆን ጭምብሉ ከሰው ፊት ያንሳል። ከወጣቷ ሴት ጭምብል በታች የተዋናዩ አገጭ፣ አንዳንዴም የሽማግሌ አገጭ፣ እንደወጣ ይታያል፤ ድምፁም የወንድ ድምፅ ነው። ማንም ይህን ለመሸፈን አይሞክርም፤ ውበቱም በዚህ አይጎድልም። እንዲህ ባለው መድረክ ላይ ያደገ ዓይን ወደ ካቡኪ ሲመጣ ኪኩኖጆንና ሃንሺሮን ያየው በለመደው መንገድ ነው፤ ሴቲቱ ከላይ፣ ሰውየው ከታች፣ ሁለቱም በግልጽ። ኤዶ እንደ ስድብ የቆጠረው ነገር ለኖህ ሰው የዕለት ተዕለት ልማድ ነበር።

ሌላው ማስረጃ የመጣው ካልታሰበ ቦታ ነው። በ2008 በግሪክ ኮርፉ ደሴት በሚገኘው የእስያ ጥበብ ሙዚየም፣ ግሪጎሪዮስ ማኖስ የተባለ ዲፕሎማት ካሰባሰባቸው ዕቃዎች መካከል በሻራኩ እጅ የተሣለ የማራገቢያ ሥዕል ተገኘ። የሚያሳየው በ1795 አምስተኛ ወር የቀረበውን ቹሺንጉራ የተባለ ዝነኛ ተውኔት ነው፤ ኅትመቶቹ ከቆሙ ከጥቂት ወራት በኋላ ማለት ነው። በሥዕሉ ላይ ካሉት ሁለት ተዋናዮች አንዱ ዮኔሳቡሮ ሲሆን የልጃገረድ ክፍል ይዟል። የብሩሹ መስመር ከታላላቆቹ ሠዓሊዎች የማንንም እጅ አይመስልም። በኅትመቶቹም ላይ እጆቹ ከፊቱ ጋር የማይመጣጠኑ፣ በሙሉ ቁመና ሥዕሎቹም አቋቋሙ የማይመች መሆኑ ሲታከልበት፣ ሻራኩ በሠዓሊዎች ቤት ያልሠለጠነ፣ ግን ተዋናይን አይቶ የሚያውቅ ሰው እንደነበረ ያመለክታል።

ከመጀመሪያዎቹ 28 ሥዕሎች በኋላ ያለው ታሪክ የሚያወሳው ጥቂት ነው። በመጸውና በክረምት ሌሎች ሥዕሎች ወጡ፤ አብዛኞቹ ሙሉ ቁመና የሚያሳዩ፣ በወረቀት መጠናቸውም ያነሱ ናቸው። የኦናጋታዎቹ ፊት እየለሰለሰ፣ እየተመሳሰለም ሄደ። ጹታያ ገበያውን እንዲያይ መክሮት ይሆናል። ዳይዶዛን ቡንጎሮ የተባለ ግዙፍ ሕፃን የሱሞ ታጋይም ተሥሏል፤ ጥቂት የጦረኞች ሥዕሎችም አሉ። እስከ 1795 የመጀመሪያ ወር ድረስ የታተሙት ከ140 ጥቂት ያልፋሉ። ጹታያ በ1797 ሞተ። ሳይቶ ጁሮቤ ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሯል።

የቶኩጋዋ መንግሥት ወድቆ የሜይጂ መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ የልብስ መለዋወጥ በሕግ ቁጥጥር ሥር ወደቀ። ከ1872 ጀምሮ በወጡት የቶኪዮ ደንቦች ወንድ የሴት ልብስ፣ ሴትም የወንድ ልብስ ለብሶ ቢገኝ ያስቀጣው ነበር፤ ተዋናዮች ግን በልዩ ሁኔታ ነፃ ሆኑ። በዚያው ዘመን በወንዶች መካከል የሚደረግ ግንኙነትም ለጥቂት ዓመታት ወንጀል ሆኖ ቆየና በ1882 ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ክልከላው ቀረ። አዲሶቹ ሹማምንት በአውሮፓውያን ዓይን መመዘን ስለሚያሳስባቸው የድሮዎቹን ሥዕሎች ያፍሩባቸው ነበር። ሥዕሎቹም በርካሽ ወደ ፓሪስ፣ ለንደንና ቦስተን ተጓዙ። ጀርመናዊው ዩሊዩስ ኩርት በ1910 ስለ ሻራኩ ሙሉ መጽሐፍ ባወጣ ጊዜ የጃፓን ሰብሳቢዎች የራሳቸውን ሠዓሊ ከውጭ መልሰው መግዛት ግድ ሆነባቸው። በ2011 የቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም የሻራኩን ኅትመቶች ከሞላ ጎደል በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባሰበ፤ በ2025 ደግሞ ኤንኤችኬ የተባለው የጃፓን ብሔራዊ ቴሌቪዥን የዓመቱን ታሪካዊ ተከታታይ ድራማ በጹታያ ሕይወት ላይ አደረገ።

ሴቶች ከሜይጂ ዘመን በኋላ ወደ ጃፓን መድረክ ቢመለሱም፣ ታላላቆቹ የካቡኪ ቤቶች እስከ ዛሬ ኦናጋታን ይዘው ቆይተዋል። ከእነሱ አንዱ የሆነው ባንዶ ታማሳቡሮ በ2012 ሕያው ብሔራዊ ቅርስ የሚለውን ማዕረግ ከመንግሥት ተቀብሏል። በቶኪዮው ካቡኪ-ዛ አዳራሽ ለተመልካቹ የሚሸጠው የተዋናዮች ምስል ፎቶግራፍ ሲሆን፣ አነሣሱ የቶዮኩኒን ልማድ የተከተለ ነው።